ስልክሽን ዝጊ!

ነዳጅ ማደያ ውስጥ ከሰው ጋር የተጣላሁት ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱን በግልጽ ተሸንፌያለሁ። ሦስተኛውን አሸንፌ ነበር፤ ሰልፈኛው ሁሉ ከእኔ ጋር ነበር ማለት ይቻላል። ቤቴ ገብቼ ማንበብ ስጀምር ነው እሱንም መሸነፌ የገባኝ።

ከመጨረሻው ልጀምር።

መሽቷል። ብርድ ነው። የነዳጁ መብራት ከበራ ቆይቷል። ያ መብራት ሲበራ እኔ ሌላ ሰው ነው የምሆነው። ሬዲዮ እዘጋለሁ፣ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ መኪናዋን እንደታመመ ሰው እያባበልኩ ነው የምነዳት። ሰልፉ አልቆ ማሽኑ ጋ ስደርስ እፎይ አልኩ። ቀጂው የመቅጃውን አፍ ታንኩ ውስጥ ሰካና ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ወርጄ ቆጣሪውን እያየሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

«እማዬ፣ ነዳጅ እየቀዳሁ ነው፣ መልሼ...»

«እህት! ስልክሽን ዝጊ! ልታቃጥዪን ነው እንዴ?»

ጩኸቱ ከሦስት መኪና ማዶ ነው የመጣው፤ ቀጂው ነው። ሰልፈኛው በሙሉ ዞሮ አየኝ። በዚያች ቅጽበት ከክብሪት ጋር የተያዝኩ ነው የመሰለኝ። ዘጋሁ። እናቴ ላይ ዘጋሁባት ማለት ነው፤ የዚያን ዋጋ ደግሞ እሑድ ከፍዬበታለሁ።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያው ልጅ ማሽኑን ተደግፎ በራሱ ስልክ ሲያወራ አየሁት። ሳቁ እኔ ድረስ ይሰማል። ዝም አልኩ። ቀድቶ ሲጨርስ መጣና «ሂሳብ» አለኝ። ብር አወጣሁ።

«ዝርዝር የለንም፤ በስልክ ክፈዪ።»

«በየትኛው ስልክ?» አልኩት። «ዝጊው ባልከኝ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ልጁ መልስ አጣ። እዚያው ማሽኑ ሥር፣ የመቅጃው አፍ ገና እየተንጠባጠበ፣ ስልኬን ከፍቼ ከፈልኩ። መኪናዬን አስነሥቼ ስወጣ ክርክር እንደረታ ጠበቃ ነበር የተሰማኝ።

ቤት ገብቼ ግን አላስቻለኝም። ድሌን በማስረጃ ላጸናው ፈለግኩ። እውነት ስልክ ማደያ ያቃጥላል? ሻዬን አፍልቼ ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ ማስረጃው ሁሉ ከጎኔ ቆመ። በአሜሪካ የማደያ ዕቃ የሚሠሩና የሚተክሉ ድርጅቶች ማኅበር አለ፤ ፔትሮሊየም ኢኩዊፕመንት ኢንስቲትዩት ይባላል። ይህ ማኅበር መኪና ሲቀዳ የተነሡ እሳቶችን ሪፖርት ለዓመታት ሰብስቧል። ከ150 በላይ ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ በስልክ ምክንያት ተነሣ ተብሎ የተረጋገጠ አንድም የለም። ይኸው! ብዬ ልዘጋው ስል ዓይኔ ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ወረደ። ታዲያ እሳቱን ያስነሣው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በሰው ገላ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ነዳጁ እየተቀዳ ሳለ ወደ መኪናቸው ገብተው የተቀመጡና ተመልሰው ወጥተው የመቅጃውን አፍ የነኩ ናቸው።

እዚህ ላይ ሻዬን አስቀመጥኩ።

ያን ምሽት መቅጃው ታንኩ ውስጥ ተሰክቶ ሳለ ሁለት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ። አንዴ ብርዱን ሽሽት፣ አንዴ ቦርሳዬን ፍለጋ። የለበስኩት ሰው ሠራሽ ሹራብ ነው፤ ያ ስታወልቂው ጸጉርሽን የሚያቆመው ዓይነት። ሁለተኛው ላይ ስወጣ የበሩ ብረት ጣቴን ቆንጠጥ አድርጎኛል፤ «ኧረ!» ብያለሁ እንኳን። ቀጂው በአጠገቤ እያለፈ ነበር። አይቶኛል። ምንም አላለኝም። ስልኬን ከሦስት መኪና ማዶ ያየ ሰው ይህን ከአንድ እርምጃ አላየውም። አይፈረድበትም፤ ማን ነግሮት?

ቤንዚን እንዲህ ነው። ከዜሮ በታች 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ብርድ እንኳን ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ያወጣል። ናፍጣ ይህን ለማድረግ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ እንፋሎቱ ነው። እንፋሎቱ ደግሞ ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ወደ ላይ ተንኖ አይጠፋም፣ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ጉድጓድና ቦይ ይፈልጋል። በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው የሚቀጣጠለው። ከዚያ ቢያንስ አይነድም፣ ቢበዛም አይነድም። እና ያ ልክ የት ነው የሚገኘው? እጅሽ የሚያርፍበት ቦታ፣ የታንኩ አፍ ዙሪያ።

ከወንበር ስንነሣ ልብሳችን ከወንበሩ ጨርቅ ይላቀቃል። በዚያ መላቀቅ ገላችን ኤሌክትሪክ ይዞ ይቀራል። ጫማችን ላስቲክ ከሆነ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ያጣል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ብዙ ሺህ ቮልት ተሸክመን እንዞራለን፤ እኛ የሚታወቀን አንድ ብረት ቆንጠጥ ሲያደርገን ብቻ ነው። ያ የመጀመሪያው ብረት የመኪናው በር ከሆነ ሳቅ ነው። የታንኩ አፍ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መቅጃው ከተሰካ በኋላ ወደ ውስጥ አለመመለስ። ከተመለሱም ወጥተው፣ ከታንኩ አፍ ራቅ ያለ የመኪናውን ብረት በባዶ እጅ መንካት። አለቀ። አሥር ሳንቲም አያስወጣም።

አንድ ሌላም አለ፤ ይህን ሳነብ ነው በጣም የተናደድኩት። እየተቀዳ ሳለ እሳት ቢነሣ የመቅጃውን አፍ ከታንኩ መንቀል አይገባም። እዚያው ተሰክቶ ይተውና ሰው ይራቅ፣ የአደጋ ጊዜ መዝጊያው ይጫን ነው የሚሉት። ምክንያቱም ታንኩ አፍ ላይ ያለው እሳት ትንሽ ነው፤ ሲነቀል ግን ነዳጁ እየተረጨ እሳቱን ይዞት ይወጣል። የእኔ እጅ ምን ያደርግ ነበር? ይነቅላል። የማንም ሰው እጅ ይነቅላል። ይህን የሚናገር ጽሑፍ ግን በሄድኩበት ማደያ ግድግዳ ላይ አይቼ አላውቅም። የስልክ ሥዕል ላዩ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት ግን አለ። ትልቅ ነው።

ለስልኩ ደንብ ፍትሕ ልስጠው። ፋይዳ የለውም አልልም። ስልክ የሚያወራ ሰው ልቡ እዚያ የለም፤ መቅጃው እንደተሰካ መኪና አስነሥቶ የሚሄድ ሰው አለ፣ ቱቦውን ገንጥሎ ማለት ነው። ስልክም ቢሆን እንፋሎት ባለበት ቦታ እንዲሠራ ተመርምሮ የወጣ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ክልከላው ይሁን። ግን «ሐሳብሽ እንዳይሰረቅ» በሉኝ። «ልታቃጥዪን ነው» ብሎ ጮኾ፣ ከዚያ ማሽኑ ሥር «በስልክ ክፈዪ» ማለት ምንድን ነው? ሲጋራም ላይ ያው ነው። በአሜሪካ በ2013 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች የተቀጣጠለ ሲጋራ ወደ ቤንዚን እንፋሎት ከ4,500 ጊዜ በላይ ከትተው ሞክረው አንድም ጊዜ አልነደደላቸውም። አደገኛው ሲጋራውን የሚለኩሰው ነበልባል ነው፣ ክብሪቱና ላይተሩ። (ይህን ያነበበ አጫሽ ሁሉ አሁን ፈገግ ብሏል። አትበል። ሲጋራ ያለ ላይተር አይመጣም።)

አሁን ወደ መጀመሪያው ጠብ ልመለስ፤ እሱ የጀሪካኑ ነው።

መኪናዬ መንገድ ላይ ቆመች። መብራቱን ማባበል ያልሠራበት ቀን ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ምን እንደማይ ሳላውቅ አየሁና ዘጋሁት። ከዚያ ኋላ ወንበር ሥር ተኝታ የነበረች የውኃ ፕላስቲክ ይዤ በእግሬ ማደያ ሄድኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ።

«በዚህ አንቀዳም» አለኝ ተረኛው።

«መኪናዬ ቆማብኝ ነው፤ ሁለት ሊትር ብቻ።»

«መኪናውን አምጪያት።»

«ነዳጅ የላትም እኮ!»

«እኛ በዕቃ አንቀዳም። መኪናውን ይዘሽ ነይ፣ እንቀዳልሻለን።»

ለአፍታ ተያየን። እኔ የሰማሁትን እየመረመርኩ፣ እሱ የተናገረውን ያልመረመረው ሆኖ። «በምን ላምጣት?» አልኩት። «ትግፋ» አለኝ። «እነማን ይግፏት?» ትከሻውን ነቀነቀ። ኃላፊ ጠየቅኩ፤ ኃላፊው ወጥቷል። ኃላፊ ሁሌም እንደወጣ ነው። ለምን እንደማይቀዱ ጠየቅኩ፤ «ደንብ ነው» አለኝ። የማን ደንብ? «የቤቱ።» ያን ቀን ቢያንስ አራት ጊዜ «ደንብ ነው» ተብያለሁ፤ «ምክንያቱም» የምትለዋን ቃል ግን አንዴም አልሰማሁም።

ምክንያት የሌለው መስሎኝ ነበር። አለው። የውኃ ፕላስቲክ ለቤንዚን አልተሠራም፤ ክዳኑ እንፋሎት ያሾልካል፣ ፕላስቲኩ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ለነዳጅ የተሠራ መያዣ እንኳን በእጅ ወይም መኪና ላይ እንደተቀመጠ አይሞላም። መሬት ላይ ይቀመጣል፣ የመቅጃው አፍ የመያዣውን አፍ ነክቶ ቀስ ተብሎ ይቀዳል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። ጭነት መኪና ላይ ፕላስቲክ ንጣፍ ላይ ጀሪካን አስቀምጠው ሲሞሉ የተቃጠሉ ሰዎች አሉ። ይህንን ተረኛው ነግሮኝ ቢሆን፣ «በዚህ ዕቃ አደጋ ነው፣ ለነዳጅ የተሠራ ዕቃ ካገኘሽ ነይ» ብሎኝ ቢሆን፣ አመስግኜው ነበር የምሄደው። «ትግፋ» ነው ያለኝ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው፣ አባት የሚሆኑኝ፣ ከመኪናቸው ኋላ ቀይ የነዳጅ መያዣ አውጥተው አስቀዱልኝና እስከ መኪናዬ አደረሱኝ። መንገዱን ሙሉ የመከሩኝ ስለ መብራቱ ነው። «ልጄ፣ ግማሽ ሲሆን ቅጂ።» እሺ አባባ አልኩ። አሁንም ግማሽ ሲሆን አልቀዳም።

ሁለተኛው ጠብ የልክ ነው። ይህኛው ላይ እንኳን ተሸነፍኩ ከማለት አፈርኩ ብል ይሻላል።

የመኪናዬ መመሪያ መጽሐፍ ታንኩ 45 ሊትር ይይዛል ይላል። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ «ሙላው» አልኩ። ቆጣሪው 47 አልፎ ቆመ። በ45 ሊትር ዕቃ ውስጥ 47 ሊትር! ሌባ ያዝኩ ብዬ ወረድኩ። ቀጂው ቆጣሪውን አየ፣ ታንኩን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋኑ ሰፍቶ ይሆናል» አለኝ።

ይህችን መልስ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ሕዝብ ንብረትና ስለ ኅሊና ተናገርኩ። ክላክስ ተነፋብኝ። ከፍዬ ሄድኩ።

በኋላ ስረዳ፣ አምራቾች መጽሐፉ ላይ የሚጽፉት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የታንኩን ሙሉ ሆድ አይደለም። ከላይ ለእንፋሎትና ነዳጁ ሲሞቅ ለሚያብጠው የሚተው ክፍት ቦታ አለ። ወደ ታንኩ የሚወስደው አንገትም ራሱ ነዳጅ ይይዛል። እስከ አንገቱ ከተሞላ ሁለትና ሦስት ሊትር መጨመሩ አይገርምም። ጋኑ አልሰፋም፣ ግን ልጁ ከእኔ ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ነበር።

እውነተኛ የልክ ጥርጣሬ ካለ መንገዱ ሌላ ነው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ምክር ለማደያ ማሽን የሚፈቅደው ስሕተት 0.5 በመቶ ነው። ተቆጣጣሪዎች ብዙውን ጊዜ 20 ሊትር የሚይዝ፣ አንገቱ ላይ መስመር ያለው የብረት መስፈሪያ ይዘው ይመጣሉ። ማሽኑን 20 ላይ አቁመው ወደ መስፈሪያው ይቀዳሉ፤ ከመስመሩ 100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ያልፋል። ከዚያ በላይ ቢጎድል አያልፍም። 100 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ የቡና ስኒ ከምናምን ነው። እኛ ሰልፍ ላይ ቆመን በዓይናችን የምንለካው ነገር አይደለም። እኛ ማየት የምንችለው አንድ ነገር ነው፦ መቅዳት ሲጀመር ቆጣሪው ዜሮ ላይ መሆኑን። እሱንም አናይም፤ ያን ጊዜ ስልካችን ላይ ነን። (ይኸው፣ የስልኩ ደንብ ሌላ ጥቅም ተገኘለት።)

በነገራችን ላይ «በጠዋት ቅዳ፣ ነዳጁ ሲቀዘቅዝ ይጠቀጠቃል» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ቤንዚን ሲሞቅ እንደሚያብጥ እውነት ነው፣ በአንድ ዲግሪ 0.1 በመቶ ገደማ። ግን ማደያው ነዳጁን የሚያስቀምጠው ከመሬት በታች ነው፤ እዚያ ጠዋትና ቀትር ብዙ አይለያዩም። ለዚህ ብሎ በሌሊት የሚነሣ ዘመድ አለኝ። አልነገርኩትም። ጠዋት ሰልፍ ስለማይኖር ተጠቃሚ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ትንሿ ነገር ናት። ሞልቶ «ቀጭ» ካለ በኋላ የሚጨመረው።

«ቀጭ» የምትለው ነገር እንዴት እንደምትሠራ ሳውቅ ለሰው ልጅ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል። ኤሌክትሪክ የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም። የመቅጃው አፍ ጫፍ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ነዳጁ በጠባብ ቦታ ሲሮጥ በዚያች ቀዳዳ አየር ይስባል። የታንኩ ነዳጅ ከፍ ብሎ ቀዳዳዋን ሲደፍናት አየር ይቋረጣል፣ ውስጡ ያለው መምጠጥ ይበረታል፣ አንዲት ስስ ሽፋን ትሳባለች፣ የመቅጃው እጀታ ይላቀቃል። ቀጭ። በቀን በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ፣ በዓለም ዙሪያ፣ ሳትደክም። በቃ ሞልቷል ማለቷ ነው።

እና ቀጂው ምን ያደርጋል? ቆጣሪውን ያያል። ሂሳቡ ሽርፍራፊ ላይ ቆሟል። «ሙሉ ቁጥር ላድርገው» ይልና አንዴ ቀጭ፣ ሁለቴ ቀጭ፣ አራቴ ቀጭ። ምክንያቱ ዝርዝር የለም። በዝርዝር እጦት የተነሣ ነዳጅ ለእንፋሎት የተተወው ቦታ ውስጥ ይገባል። ዘመናዊ መኪኖች ላይ ከታንኩ የሚወጣውን እንፋሎት የሚይዝ ከሰል ያለበት ቆርቆሮ አለ፤ ፈሳሽ ነዳጅ ሲገባበት ይበላሻል። የእኔ ተበላሽቷል። መካኒኩ «ከቀጭ በኋላ ታስጨምሪያለሽ አይደል?» ሲለኝ ሐኪም ፊት ስለ ጨው እንደተጠየቅኩ ያህል ነው የደነገጥኩት። እኔ እኮ አላስጨምርም። እየተጨመረብኝ ነው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ «በቀጭ ይብቃ» እላለሁ። ሦስት ዓይነት ምላሽ አለው። አንዳንዱ «እሺ» ይላል። አንዳንዱ «ለራስሽ ብዬ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ቀጂ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የምትል፣ ማሽኑን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔስ ዝርዝሩን ከየት ላምጣው?» አለችኝ። ሳትቆጣ ነው። «ፈረቃዬ ሲያልቅ ማሽኑ ያለውና እጄ ላይ ያለው ካልገጠመ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው። ሽርፍራፊውን ማንም አይሰጠኝም። አንቺ እንኳን ይኸው ይዘሽ አልመጣሽም።»

እውነቷን ነው። አልያዝኩም። ቅድሚያ ካልከፈላችሁ አንቀዳም የሚለውም ደንብ ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ፤ አንድ ሰው ሞልቶ ሳይከፍል ከሄደ የሚያሳድደው ድርጅቱ አይደለም። እሷ ናት የምትከፍለው። ባለፈው ወር እንደከፈለች ነገረችኝ፤ የመኪናውን ቀለምና የሰውየውን ጃኬት ሳይቀር ታስታውሳለች። እኔ የማያት ለአምስት ደቂቃ ነው። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እንፋሎቱን እየተነፈሰች፣ ቆማ፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ንግግር እየሰማች ነው የምትውለው። ከዚያ በኋላ ጠብ አቁሜያለሁ ልል ነበር፤ ግን የስልኩ ጠብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰው ሲሰለቸው ራሱ ይቅዳ የሚል ሐሳብ ይመጣለታል። በብዙ አገር ሰው ራሱ ነው የሚቀዳው። የሚገርመው በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ከ1949 ጀምሮ እስካሁን አሽከርካሪ ለራሱ እንዳይቀዳ በሕግ ተከልክሏል። ኦሪገንም በ1951 ከልክላ በመላው ግዛቷ የፈቀደችው በ2023 ነው። እኔ ከክልከላው ወገን ነኝ። ራሴን ስለማውቀው። ጓደኛዬ ናፍጣ መኪናዋ ውስጥ በራሷ እጅ ቤንዚን ቀድታበታለች። የናፍጣ መቅጃ አፍ ወፍራም ስለሆነ ዘመናዊ የቤንዚን መኪና አንገት ውስጥ አይገባም፤ የቤንዚኑ ቀጭን ነውና ናፍጣው ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ስሕተቱ ክፍት የተተወው በክፉው በኩል ነው። ሞተር ሳታስነሣ ስላወቀች ቤንዚኑን ከታንኩ በማስወጣት ተረፈች። አስነሥታው ቢሆን ፓምፑ ጭምር ይበላሽ ነበር።

አንዳንዴ የበርታ ቤንዝ ነገር ያስቀናኛል። በ1888 ባሏ የሠራውን መኪና ሳታስፈቅድ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ከማንሃይም ወደ ፎርዝሃይም ስትነዳ ነዳጅ አለቀባት። ማደያ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ቪስሎክ የምትባል ከተማ ገብታ ከመድኃኒት ቤት ልብስ ማጽጃ የሚሆን ፈሳሽ ገዝታ ቀዳችበት። መድኃኒት ቤቱ ዛሬም የዓለም የመጀመሪያው ማደያ ይባላል። «ደንብ ነው» ያላት የለም፤ ደንቡ ገና አልተወለደማ። ግን እሷም በምን ዕቃ ቀዳች? ልብሷስ? ሳስበው እፈራላታለሁ።

ልንረሳው የማይገባ አንድ ምስጋና ደግሞ አለኝ። ሰልፍ ይዘሽ ደርሰሽ፣ የታንክሽ ክዳን በወዲያኛው በኩል ሆኖ፣ በሰው ክላክስ ታጅበሽ ኋላ ስትመለሺ ታውቂው የለ? ጂም ሞይላን የሚባል የፎርድ መሐንዲስ በ1986 ይህ ደረሰበት፤ ያውም በዝናብ። ቢሮው ተመልሶ ማስታወሻ ጻፈ፦ የነዳጅ መለኪያው አጠገብ ክዳኑ በየት በኩል እንዳለ የምታሳይ ትንሽ ቀስት ብናደርግስ? በ1989ዎቹ ሞዴሎች ላይ ወጣች። አሁን ዳሽቦርድሽ ላይ ተመልከቺ፣ ከነዳጅ ሥዕሏ ጎን ናት። ስንቱ ሰው ማደያ ተናዶ ወጥቶ የሚጽፈው እንደ እኔ ረጅም እሮሮ ነው።

ያ ማደያ ለቤቴ ቅርብ ነው፤ መቅረት አልቻልኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ቦቴ ነዳጅ እያራገፈ ስለነበር ግማሹ ተዘግቷል። ድሮ ይህ ያበሳጨኝ ነበር፤ አሁን ከመሬት በታች ያለው ታንክ ሲሞላ እንፋሎቱ የሚወጣበት ሰዓት መሆኑን ስለማውቅ ዝም ብዬ ቆየሁ። ደግሞም ያው ልጅ ነው ተረኛው። አወቀኝ።

«ጠበቃዋ መጣሽ?»

«መጣሁ። ሙላው፣ በቀጭ ይብቃ።»

ስልኬን ከወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩ፣ ከዚያ የበሩን ብረት በመዳፌ ደገፍ አድርጌ ያዝኩ። አየኝ።

«ምን ሆነሽ ነው መኪናውን የምትዳብሺው?»

ነገርኩት። ወንበሩን፣ ሹራቡን፣ የጣቴን ቁንጥጫ፣ እሳት ቢነሣ መቅጃውን እንዳይነቅል። ረጅም ነገር ነው፤ አሥር ሊትር እስኪቀዳ ሰማኝ። የራሱን ጃኬት እጅጌ ያዝ አድርጎ አየው። «ይኼ ነገር በበጋ ቆንጠጥ ያደርገኛል እኮ» አለ። «አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።» ከዚያ ወደ ኋላዬ ያለውን ሹፌር፣ ገብቶ የተቀመጠውን፣ አሻግሮ ተመለከተ። ሊጮኽበት አፉን ሲከፍት ኪሱ ውስጥ ስልክ ጠራ።

አውጥቶ ስሙን አየ። እኔን አየ።

«እናቴ ናት» አለኝ።